ያልታጠበ ካፖርት

ሰኞ

ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ወደ ዱር እንስሳት ማገገሚያው። በር ላይ ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀልኝ። ሁላችንም ሻለቃ ነው የምንለው። ወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ አረማመዱ ነው እንጂ። "እግዜር ያጥናሽ እህት ዓለም፣ እንዲህ ቶሎ ትመጫለሽ አላልኩም ነበር" አለኝ። "ቤት ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?" አልኩት። በሩን ከፈተልኝ።

የእንስሳት ዶክተሯም ያንኑ አለች። "ባልሽን የቀበርሽው ትናንት ነው እኮ! ትንሽ አርፈሽ ብትመጪስ?" ትናንት አይደለም፤ አልተከራከርኳትም። አንድ ካርቶን በእግሯ ወደ እኔ ገፋች። ውስጡ የሚዳቋ ግልገል ናት። እናቷን መኪና ገጭቷት መንገድ ዳር ወድቃ፣ ይቺ አጠገቧ ቆማ ተገኘች። እምብርቷ ገና አልደረቀም። ጆሮዋ ከፊቷ ይበልጣል።

ደንቡን እንደ አዲስ ሰው ደገመችልኝ። ጡጦ የሚሰጣት አንድ ሰው ብቻ። በረቷ ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም። ስም አይወጣላትም። ጡጦውን እንደጨረሰች ውልቅ ብሎ መውጣት። የሚያጠባት ሰው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ካፖርት ይለብሳል፤ ካፖርቱም ጫካ እስክትገባ ድረስ አይታጠብም። የምታውቀው የካፖርቱን ሽታ እንጂ ሰውን እንዳይሆን ነው። "ሰው የማይፈራ ሚዳቋ ወይ ለውሻ ነው ወይ ለቢላዋ" ትላለች ዶክተሯ፣ ሁልጊዜ። ዛሬም አለች።

የመሥሪያ ቤቱ ካፖርቶች እርጥብ ነበሩ። ነገ ከቤት አንድ አመጣለሁ።

ዝም በይ ማለታቸው አልከበደኝም። ዝም አይነቅዝም።

ማክሰኞ

ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የነበረውን አመጣሁ፤ እሱ ጋራዥ ሲሄድ የሚለብሰውን። አሮጌ ነው፣ ለበረት ይበቃል።

ትናንት ሙሉ ቀን ጡጦውን እምቢ ስትል ነው የዋለችው። ዛሬ ካፖርቱን ለብሼ ስገባ አፍንጫዋን ብብቴ ሥር ከተተችና ጠባች። ጨረሰችው።

ረቡዕ

ሩጫ። የፍየል ወተት ማሞቅ፣ አንጓዬ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት። ከጠባች በኋላ ከጭራዋ ሥር በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፤ እናት በምላሷ የምታደርገው ነው፣ ካልጠረጉላት አትሸናም። ጉጉቱ ክንፉ አልገጠመም። የኤሌክትሪክ ሽቦ እጇን ያቃጠላት ጦጣ ፋሻዋን ፈታች። አሰርኩት። ፈታችው። አሰርኩት። ምሳ ረሳሁ።

ዓርብ

አማቴ ደወሉ። "ልጄ፣ ልብሶቹን መቼ ነው የምናያቸው? ታናሽ ወንድሙ ብርድ ላይ ነው የሚውለው። ያቺ ካፖርት ትሆነው ነበር።"

"ሥራ ላይ ናት" አልኳቸው።

"ማን ናት ሥራ ላይ?"

"ካፖርቷ።"

"ልጄ፣ ደህና ነሽ ግን?"

"ደህና ነኝ እማማ። ደህና ነኝ።"

ከዚያ ግልገሏን መዘንኩ። ጨምራለች።

ማክሰኞ

የመኖ ክፍሉ ግድግዳ ጣውላ ነው፤ ነገር አይደብቅም። ካሮት ልወስድ ቆሜ መኖ የምታዘጋጀው ሴትዮ ከሻለቃ ጋር ስታወራ ሰማሁ።

"አንዲት ዘለላ እንባ አይቼባት አላውቅም።"

"ተያት እባክሽ! የሰው ሐዘን ልክ አለው እንዴ?"

"ልክማ አለው። እኔ ባሌ የሞተ ጊዜ ሠፈር አንቀጥቅጫለሁ።"

"አንቺማ ዶሮሽ የሞተች ጊዜም አንቀጥቅጠሻል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮ ግን ባዳ አልሆነም፣ ቁልጭ አድርጎ ነው የሰማው። እና ልቤ ምንም አላለኝም። ምን ሊለኝ ይገባ እንደነበር ሳስብ ነበር። ካሮቱን ሳልወስድ ተመለስኩ፤ ጦጣዋ ጮኸችብኝ።

ዝናቡ ዛሬ ጀመረ። ግልገሏ ከጠባች በኋላ በረት ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ከዝናቡ ለመጠለል ነው።

እሑድ

እህቴ ሳትደውል መጣች። "ስልክ ለምን አታነሺም አንቺ?"

"እጄ በወተት ነው ሁልጊዜ።"

"እሑድም?"

"ግልገል እሑድ አታውቅም።"

አብስላ አቀረበች፣ ፊቴ ተቀመጠች። "በሞቴ ብዪ። አፈር ስሆን።" እሱም "በሞቴ" እያለ ነበር የሚያበላኝ። በላሁ። ምን እንደበላሁ አሁን ብጠየቅ አላውቅም።

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ቤቱን ተያያዘችው። ለጡጦ ሰዓት ሄጄ ስመለስ መጋረጃው፣ አንሶላው፣ የትራሱ ልብስ፣ ሁሉም ገመድ ላይ ነው። የሁለቱንም ትራስ። "ቤቱ ተነፈሰ፣ አይደል?" አለችኝ፤ ላቧ እየወረደ። ደክማለች፣ አየኋት። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

ትራሱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሶፋው ላይ ነኝ። እንኳን ካፖርቱ ሥራ ቦታ ሆነ።

ረቡዕ

ግልገሏ ሣር መቀንጠስ ጀመረች። ወተት ቀነስኩላት።

የካፖርቱን ኮሌታ አየሁት። ሽታው አለ። ለእሷ ብዬ ነው የማየው፤ ድንገት ቢጠፋ ትደናገራለች። ኪሱ ውስጥ አንድ ብሎን አለ። አላወጣሁትም።

ዛሬም ትንሽ ቆየሁ።

ሐሙስ

ጉጉቱ። ዶክተሯ "አይበርም፣ አያድንም፣ ዝም ብሎ ማሰቃየት ነው" አለችና መርፌውን አዘጋጀች። እኔ ያዝኩት። ክብደት የሚባል ነገር አልነበረውም። "አንቺማ ብርቱ ነሽ" አለችኝ ስንጨርስ። ጓንቴን አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ማታ

እንቅልፍ የለም፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ግልገሏ አድጋለች። ስገባ ከጥጉ ትነሳለች፣ ትንጠራራለች፣ መጀመሪያ የኋላ እግሯን፣ ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ ትመጣለች። አጥሩ ዙሪያውን በጆንያ የተሸፈነ ስለሆነ ከካፖርቱ በቀር ዓለም ላይ ማንንም አላየችም። ሻለቃ በጆንያው ቀዳዳ አጮልቆ "እመቤት" የሚል ስም አውጥቶላታል። "ስም አይወጣም ተብሏል እኮ" ብለው፣ "ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው" አለኝ። ልስቅ ነበር መሰለኝ።

ዛሬ ከጠባች በኋላ ጭድ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጭኔ ላይ አገጯን አሳርፋ አመሰኳች። አላወራሁም። ደንብ አልጣስኩም። ኮሌታውን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ አፍንጫዬ ድረስ ሸፍኜ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ብርድ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ሙቀት ስለነበር ነው ካፖርቱን ቤት ጥሎት የሄደው። "ልበሰው፣ ማታ ይበርዳል" ብዬዋለሁ። "ማታ የት አለና" አለኝ፤ ቀልዱ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያወራው። ልቡ ነው አሉ። መኪና ሥር ተጋድሞ፣ እግሩ ብቻ ይታያል። እየሠራ መስሏቸው የጋራዡ ሰዎች በአጠገቡ ሲመላለሱ፣ ሲጫወቱ፣ ቁልፍ አቀብለን ሲሉት ዋሉ።

ይኼን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ነገ የጡጦ ጡቶቹን መቀቀል አለብኝ።

ሰኞ

የፍርሃት ፈተና ዛሬ ነበር። ከመለቀቃቸው በፊት ለሁሉም እናደርገዋለን። ሰው አንድ በአንድ በረቱ ውስጥ ይገባል፣ ግልገሏ መሸሽ አለባት። እኔ ካፖርቱን አውልቄ በቀዳዳው አያለሁ።

ዶክተሯ ገባች፤ እመቤት ዘላ ጥግ ገባች። መኖ የምታዘጋጀው ሴትዮ ገባች፤ አጥሩን ልትጥሰው ደረሰች። ጎሽ አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ መሰለኝ።

ከዚያ ሻለቃ ገባ። ሲጋራውን በር ላይ ረግጦ አጥፍቶ ነው የገባው። ጆሮዋን አቆመች። አልሸሸችም። በቀስታ ሄደችና አፍንጫዋን ብብቱ ሥር ከተተች፤ ጡጦውን ፍለጋ።

"ኧረ እመቤት፣ ምን ነካሽ?" አላት በሹክሹክታ።

ማንም አልሳቀም። ዶክተሯ ወደ እኔ መጥታ ከክንዴ ላይ ካፖርቱን ወሰደች። አሸተተችው። "ትንባሆ" አለች። ደግማ አሸተተች። "የሞተር ዘይት።" ከዚያ አየችኝ። "የማነው ይኼ?"

ገባት።

"ሦስት ንጹሕ ካፖርት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ታጥፎ የለም እንዴ?"

"እርጥብ ነበሩ።"

"ገና ዝናብ ሳይጀምር?"

ጮኸችብኝ እንዳልል፣ አልጮኸችብኝም። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ጫካ የሚገባ ወንድ ሁሉ ይኼንኑ ነው የሚሸተው፤ ከሰል አክሳዩም፣ ሹፌሩም፣ ጠመንጃ የያዘውም። ይቺ ልጅ ያን ሁሉ እናቴ ነው ብላ ትቀበለዋለች። "ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ አለን። እስከዚያ ካልሸሸች..." ብላ ተወችው። ጉጉቱን ማን እንደያዘው ሁለታችንም እናውቃለን።

ማክሰኞ

ያሳደጋት እሱ ነው ለካ፣ የካፖርቱ ባለቤት። እኔ ጡጦ ያዥ ነበርኩ።

ሐሙስ

የዶክተሯ መላ ይኼ ነው፦ ካፖርቱን የለበሰ ሰው ያስፈራራት። ይጩህባት፣ ቆርቆሮ ይደብድብባት፣ ውሃ ይርጭባት። ወተቱም ቀርቷል፤ ሣርና ቅጠል በአጥሩ ሥር በቀዳዳ ነው የሚገባላት። "የለመደችውን ሽታ እስክትጠላው" አለች። "ሌላ የማውቀው የለም።"

ሻለቃ እኔ እገባለሁ አለ። ወንድ ስለሆነ ይሻላል ተባለ። ካፖርቱን ሰጠሁት።

ከኋላው አየሁት፤ ትከሻው፣ ኮሌታው፣ ግራ እጁን ኪስ ከትቶ ሲሄድ። ቁጭ አልኩ። ጠዋት አልበላሁም።

ምንም አልረባም። ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ኳ አደረገና "ይቅር በይኝ እመቤት" አላት። እጁን ላሰችው። ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። "እኔ አልችልም፣ ግደሉኝ" አለ።

ዓርብ

ዶክተሯ ሌላ ዘበኛ ከጎረቤት ድርጅት እንጠይቅ አለች። አይሆንም አልኩ። ካፖርቱን ማንም እንግዳ አይለብሰውም። እኔ እገባለሁ።

"ትችያለሽ?"

"ብርቱ ነሽ ብለሽኝ የለ።"

ቅዳሜ

ገባሁ።

ተነሳች። የኋላ እግሯን ተንጠራራች። ከዚያ አንገቷን። ከዚያ መጣች።

እስከ ዛሬ እዚያ በረት ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዛሬ ግን አፌን ስከፍት ድምፅ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር፤ ወጣ። ቆርቆሮውን ደበደብኩት። "ሂጂ" አልኳት። "ሂጂልኝ! ምን ትፈልጊያለሽ ከእኔ?" መጀመሪያ ግራ ገብቷት ቆመች። ባልዲውን ደፋሁባት። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግማ ወደ እኔ መጣች። እኔ ነኝ እኮ የማስፈራት፣ ወደ እኔ ነው የምትሸሸው። ሌላ የምትሄድበት አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጮህኩ። ለእሷ ብቻ አይመስለኝም። ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም። ስወጣ ሻለቃ ጆንያው ጋ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ሰምቷል። ውሃ ሰጠኝ።

ድምፄ ጠፍቷል።

ማክሰኞ

ዛሬም ገባሁ። ቆመችና አየችኝ፤ አልቀረበችም። ጮህኩ። ካፖርቱ በዝናብ ራሰ፣ በጭቃ ተለወሰ። ማታ ኮሌታውን አየሁት። ሽታው አለ።

ሐሙስ

ገና በሩ ሲንቀጫቀጭ ጥግ ገባች። ዶክተሯ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ክፉ ነኝ። ሥራዬን በደንብ እየሠራሁ ነው፣ ክፉም ነኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ሰኞ

ፈተናው ተደገመ። ሻለቃ ሆን ብሎ አጭሶ ገባ። ደረቷን ለአጥሩ ሰጥታ ተንቀጠቀጠች፣ በአጠገቡ ዘላ ሌላው ጥግ ገባች። "እሰይ!" አለ ሻለቃ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ አፍንጫውን ጠረገ። "ጠላችኝ እኮ እህት ዓለም። በአንዴ!"

ቅዳሜ

ዝናቡ አባራ። ጫካው ዳር ወዳለው የመልቀቂያ በረት ወሰድናት፤ በሩ ተከፈተ፤ ራቅ ብለን ተደበቅን።

አልወጣችም። ደፉ ላይ ቆመች፣ አሸተተች፣ ተመልሳ ገባች። ሣር ቀነጠሰች። ፀሐይ ዞረች። ዶክተሯ ወደ እኔ አየች። ምናልባት ብዬ ካፖርቱን መኪናው ላይ ጭኜው ነበር።

ለበስኩት። ከኋላ በኩል ዞሬ ብቅ አልኩ፤ መጮህ እንኳን አላስፈለገኝም። አየችኝ። በሩን፣ ሜዳውን፣ ቁጥቋጦውን በሦስት ዝላይ አለፈችው፤ ነጭ የጭራዋ ሥር ብልጭ አለና ጠፋች። ዞር ብላ አላየችም። ደግ አደረገች።

ቆሜ ቀረሁ። ማንም ነይ እንሂድ አላለኝም።

እሑድ

ግልገሏ ስለሄደች ካፖርቱን የምይዝበት ምክንያት የለም። ለአማቴ ወሰድኩላቸው፣ በፌስታል ጠቅልዬ። "እማማ፣ ለታናሽየው" አልኩ።

ለታናሽየው አልነበረም ለካ። በር ላይ እንደቆሙ ከፌስታሉ አወጡትና ፊታቸውን ኮሌታው ውስጥ ቀበሩ። ብዙ ቆዩ። ትከሻቸው ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ። ከዚያ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው፣ ግራ ገብቷቸዋል።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ልጄን አይሸትም።"

"ይሸታል እማማ፣ ኮሌታው ጋ ነው።"

"ፍየል ነው የሚሸተው።"

ተቀብዬ አሸተትኩ። እውነታቸውን ነው። ፍየል፣ ወተት፣ እርጥብ ጭድ። ትንባሆ የለም። ዘይት የለም። ከመቼ ጀምሮ? አለ፣ አለ፣ አለ እያልኩ እዚሁ ደብተር ላይ ስጽፍ የነበርኩት እኔ ነኝ። እንዳይጠፋ ብዬ በየቀኑ ለበስኩት፤ በየቀኑ ለብሼ ጨረስኩት።

"እማማ፣ እኔ ነኝ የጨረስኩት" አልኩ። "ጠብቄው ነበር እኮ። አልታጠበም፣ እምልልዎታለሁ፣ ጠብታ ሳሙና አልነካውም።" የግልገሏን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው፤ ጡጦውን፣ ቆርቆሮውን፣ ትናንት እኔን አይታ እንዴት እንደሮጠች። አፋቸውን ይዘው ሰሙኝ።

"እና ልጄን ፍየል አደረግሽው?" አሉ።

ሳቅ ነው የቀደመኝ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ የእኔ አልቆም አለ፤ ሌላ ነገር ሆነ። በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ንፍጤ ካፖርቱ ላይ እየወረደ። እማማ ከጎኔ ተቀምጠው ጀርባዬን ይመቱልኛል። "እሰይ ልጄ" ይላሉ፤ "እሰይ። ፈርቼልሽ ነበር።"

ሲበርድልኝ ሳፋ አወጡና ካፖርቱን አብረን ነከርነው። ውሃው ወዲያው ጠቆረ። ኪሱን ሲገለብጡ ብሎኑን አገኙት። በቀሚሳቸው ጠራርገው፣ አየት አድርገው፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። "ይቺ የእኔ ናት" አሉ። "እሺ" አልኳቸው። ካፖርቱን ጨምቀን ገመድ ላይ አሰጣነው፤ ሲደርቅ ታናሽየው መጥቶ ይወስደዋል።

ሰኞ

ሻለቃ ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ። ትናንት የእረፍት ቀኑ ነበር፤ ጫካው ዳር ድረስ በእግሩ ሄዷል።

"ያው ያቺ መልቀቂያ በረት ጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሲጋራ አጨስኩ። ነፋሱ ወደ ውስጥ ይነፍሳል። አንዱን ጨረስኩ፣ ሌላ ለኮስኩ።"

"እሺ?"

"ማንም አልመጣም።"

"እሰይ" አልኩት። ዓይኔ እንደገና ሞላ፤ አልደበቅኩትም።

ጦጣዋ ፋሻዋን ፈታ ጠበቀችኝ። ማታ ቤት ስገባ ለእህቴ ደወልኩላት።